ፖለቲካው በጅምላ፣ ችሎቱ በነጠላ

በ2016 መጀመሪያ ላይ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የዴንማርክ የኢሚግሬሽን ሚኒስትር የነበሩት ኢንገር ስቶይበርግ አንድ መመሪያ አወጡ። በመጠለያ ከሚኖሩ ጥገኝነት ጠያቂ ባለትዳሮች መካከል አንደኛው ከ18 ዓመት በታች ከሆነ ጥንዶቹ ይለያዩ የሚል ነው። በደፈናው ሲሰሙት የሚቃወሙት ነገር አይደለም፤ ልጆችን ካለ ዕድሜ ጋብቻ መጠበቅ ማንን ያስከፋል? የሚኒስቴሩ ባለሙያዎች ግን አስጠንቅቀው ነበር። የእያንዳንዱ ጥንድ ጉዳይ ለብቻው ሳይታይ ሁሉንም በአንድ ትእዛዝ መለያየት ሕግ ይጥሳል አሉ። ትእዛዙ እንዳለ ሥራ ላይ ዋለ፤ 23 ጥንዶችም ተለያዩ። ከመካከላቸው አንድ የሶርያ ጥንድ ለአገሪቱ እንባ ጠባቂ አቤት አለ።

ዲሴምበር 13 ቀን 2021 ሚኒስትሮችን የሚዳኘው የዴንማርክ ልዩ ፍርድ ቤት ስቶይበርግን 25 ለ1 በሆነ ድምፅ ጥፋተኛ ብሎ 60 ቀን እስራት ፈረደባቸው። ይህ ፍርድ ቤት እንደ ኮከብ ቆጠራ በየወቅቱ የሚሰየም አይደለም። ከዚያ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ ያስቻለው በ1990ዎቹ ሲሆን፣ ያኔም የተከሰሱት ሚኒስትር ኤሪክ ኒን-ሃንሰን የስሪላንካ ታሚል ስደተኞች ቤተሰቦቻቸውን እንዳያመጡ ከሕግ ውጭ አግደዋል ተብለው ነው። ስቶይበርግ ቅጣታቸውን እቤታቸው ሆነው በእግራቸው ላይ በታሰረ መቆጣጠሪያ ጨረሱ፤ ከምክር ቤት ተባረሩ፤ በ2022 አዲስ ፓርቲ አቋቁመው በዚያው ዓመት ምርጫ 14 መቀመጫ ይዘው ተመለሱ።

የዛሬውን ፖለቲካ ሁለት ጭንቀቶች ሰቅዘው ይዘውታል። አንዱ ድንበር ላይ ነው፤ «ማን እየገባብን ነው?» ይላል። ሌላው ችሎት ውስጥ ነው፤ «መሪያችን ወንጀለኛ ነው ወይስ እያሳደዱት ነው?» ይላል። ዜናው ለየብቻ ያቀርባቸዋል፤ እኔ ግን አንድ ጠብ ይመስሉኛል። ፖለቲከኛ ጅምላ ነጋዴ ነው፤ የሚያወራው ስለ ስደተኛው፣ ስለ ሕዝቡ፣ ስለ «እነሱ» እና ስለ «እኛ» ነው። ፍርድ ቤት ግን በችርቻሮ ነው የሚሠራው። አንድ ሰው፣ አንድ መዝገብ፣ አንድ ማስረጃ ይዞ ይቀመጣል። ጥገኝነት ጠያቂውን «የአንተ ጉዳይ ምንድን ነው?» ይለዋል፤ ሚኒስትሩንም «አንተ በዚያ ቀን ምን ላይ ፈረምክ?» ይለዋል። ሁለቱም ጥያቄዎች ለጅምላ ሰው አይመቹም።

የስደተኛ ሕጉ ራሱ ከጥንስሱ በነጠላ የተሠራ ነው። የ1951 የጄኔቭ ስምምነት ስደተኛ የሚለው፣ በዘሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በዜግነቱ፣ በአንድ ማኅበራዊ ቡድን አባልነቱ ወይም በፖለቲካ አመለካከቱ ምክንያት ይሳደዳል የሚል በቂ ምክንያት ያለው ፍርሃት ያደረበትን ሰው ነው። ፍርሃቱ የአንድ ሰው ነው፤ ምክንያቱም ተሰምቶ መመዘን አለበት። አንቀጽ 33 ሕይወቱ ወይም ነፃነቱ አደጋ ላይ ወደሚወድቅበት ቦታ አትመልሱት ይላል፤ አንቀጽ 31 ደግሞ ከአደጋ ሸሽቶ በቀጥታ የመጣን ሰው ያለ ፈቃድ ገባህ ብላችሁ አትቅጡት ይላል። መጀመሪያ ሲጻፍ ከ1951 በፊት በተፈጸሙ ነገሮች ለተሰደዱ ሰዎች ብቻ ነበር፤ የ1967ቱ ፕሮቶኮል ያንን ገደብ አንስቶ ለመላው ዓለም ከፈተው። ዛሬ መንግሥታት «ለሌላ ዘመን የተጻፈ ሕግ ነው» ሲሉ የሚያማርሩት ይህንኑ ነው። ቅሬታው ባዶ አይደለም። ግን የሚያማርሩት ብዙውን ጊዜ የሕጉን ዕድሜ ሳይሆን፣ አንድ በአንድ ስሙ የሚለውን ትእዛዙን ነው።

ቁጥሩ ምን ይላል? የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን በ2024 መጨረሻ 123.2 ሚሊዮን ሰው ተገዶ ከቀዬው ተፈናቅሎ እንደሚኖር አስታውቋል። ከዚህ ውስጥ 73.5 ሚሊዮኑ የገዛ አገሩን ድንበር አልተሻገረም። ከተሻገረውም አብዛኛው ያለው ጎረቤት አገር ነው። ስለዚህ «ዓለም በሙሉ ወደ እኛ እየመጣ ነው» የሚለው የሀብታም አገሮች ስጋት በቁጥር ሲመዘን ውሃ አያነሳም። ስጋት ግን ቁጥርን ተከትሎ አይሄድም። በ2015 ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው በባሕር አውሮፓ ገባ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ በተደረገው የጀርመን ምርጫ ስደተኛን የሚቃወመው አማራጭ ለጀርመን ፓርቲ 12.6 በመቶ አገኘ። በ2024 ያለ ፈቃድ ወደ አውሮፓ ኅብረት የገባው ሰው ወደ 239,000 ወረደ፤ በፌብሩዋሪ 2025 ምርጫ ያው ፓርቲ 20.8 በመቶ አገኘ። ፍርሃቱ ሁሉ የፈጠራ ነው ማለቴ አይደለም። ብዙ እንግዳ ባንድ ጊዜ በተመደበበት ትንሽ ከተማ የቤት ኪራይ ይወደዳል፤ ትምህርት ቤቱም ይጨናነቃል። ግን አንድ ጊዜ ሥር የሰደደ ፍርሃት በሕይወት ለመቆየት አዲስ መጪ አያስፈልገውም።

ሁለቱ ጭንቀቶች ፊት ለፊት የተገናኙበትን ቦታ ማየት የፈለገ ጣሊያንን ይይ።

በኦገስት 2018 ዲቾቲ የተባለችው የራሷ የጣሊያን የባሕር ጠረፍ ጥበቃ መርከብ 177 ሰዎችን፣ አብዛኞቹ ኤርትራውያን፣ ከባሕር አውጥታ ካታኒያ ወደብ ላይ ቆመች። የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ማቴዮ ሳልቪኒ ግን የአውሮፓ አገሮች እስኪከፋፈሏቸው ድረስ አይወርዱም ብለው ለቀናት መርከቧ ላይ አቆዩአቸው። ዳኞች ሚኒስትሩን ሰዎችን ያለ ሕግ በማገት ሊከሷቸው ሲነሡ ሕጉ የሴኔቱን ፈቃድ ጠየቀ። ያኔ የሳልቪኒ ሸሪክ የነበረው የአምስት ኮከብ ንቅናቄ፣ «ሙስናና ያለመከሰስ መብት ይጥፋ» እያለ ሥልጣን ላይ የወጣ ፓርቲ ነው። አጣብቂኝ ውስጥ ገባ። ከዚያም ጥያቄውን በኢንተርኔት ለአባላቱ አቀረበ፤ ሚኒስትሩ ይከሰሱ ወይስ አይከሰሱ? 59 በመቶው አይከሰሱ አለ። በማርች 2019 ሴኔቱም ፈቃድ ከለከለ። አንድ ሰው ወንጀል ሠርቷል ወይስ አልሠራም የሚለው ጉዳይ በድምፅ ብልጫ ሲወሰን ከዚህ የበለጠ ዓይን ያወጣ ምሳሌ አላውቅም።

በዓመቱ ነገሩ ተደገመ። ኦገስት 1 ቀን 2019 ኦፕን አርምስ የተባለች የስፔን በጎ አድራጎት ድርጅት መርከብ ሰዎችን ከመስጠም አዳነች። ሳልቪኒ ወደ ጣሊያን የውኃ ክልል እንዳትገባ አገዱ። የአስተዳደር ፍርድ ቤት እገዳው ለጊዜው እንዳይሠራ አደረገ። ሚኒስትሩ ሁለተኛ እገዳ ሲያዘጋጁ የመከላከያ ሚኒስትሯ አልፈርምም አሉ። መርከቧ የላምፔዱዛ ደሴት በዓይን በሚታይበት ርቀት ላይ ቆማ ቀን ይቆጠር ጀመር። ከተሳፋሪዎቹ አንዳንዶቹ ተስፋ ቆርጠው ባሕር ውስጥ እየዘለሉ በዋና ለመሻገር ሞከሩ። ኦገስት 20 የአግሪጄንቶ ዐቃቤ ሕግ ሉዊጂ ፓትሮናጆ ራሳቸው መርከቧ ላይ ወጥተው ሁኔታውን አዩና፣ መርከቧ በሕግ ተይዛ ሰዎቹ እንዲወርዱ አዘዙ። በዚያው ሌሊት ወረዱ።

በዚህኛው ጊዜ ሴኔቱ እንዲከሰሱ ፈቀደ። የተለወጠው ሕጉ አይደለም፤ የሚኒስትሩም አሠራር ያው ነበር። የተለወጠው የመንግሥት ጥምረቱ ነው። አምስት ኮከብ በ2020 ከሳልቪኒ ተቀናቃኞች ጋር ነበርና ድምፁን ገለበጠ። «ክሱ ፖለቲካ ነው» የሚለው የሳልቪኒ እሮሮ ብዙ ሰው ጆሮ የገባው ያለ ምክንያት አይደለም። ዐቃቤ ሕግ ስድስት ዓመት እስራት ጠየቀ። ዲሴምበር 20 ቀን 2024 የፓሌርሞ ፍርድ ቤት ሚኒስትሩን ነጻ አሰናበተ። ያን ቀን ሳልቪኒ የጣሊያን ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ።

ነገሩ ግን እዚያ ላይ አላበቃም። በማርች 2025 የጣሊያን ሰበር ሰሚ ችሎት ዲቾቲ ላይ ታግተው የነበሩት ሰዎች ካሳ ይገባቸዋል ብሎ ወሰነ። ጠቅላይ ሚኒስትር ጆርጂያ ሜሎኒ በአደባባይ ተቃወሙት። ሴኔቱ ማንም እንዳይጠየቅበት በዘጋው በዚያው ጉዳይ፣ ከስድስት ዓመት በላይ ቆይቶ የተጎዱት ሰዎች በፍትሐ ብሔር በኩል ተሰሙ ማለት ነው። ሚኒስትሩ በአንዱ ነጻ ወጡ፤ መንግሥት በሌላው ዕዳ ገባ። ለድጋፍ ሰልፍ የማይመች ውጤት ነው፤ ለማንም ወገን ሙሉ ድል አይሰጥም። ችሎት በነጠላ ሲሠራ ብዙ ጊዜ ውጤቱ እንዲህ ዥንጉርጉር ይሆናል።

ብሪታንያ ደግሞ ጅምላውን እስከ ጥጉ ገፋችው። በኤፕሪል 2022 የቦሪስ ጆንሰን መንግሥት በጀልባ የሚመጡ ጥገኝነት ጠያቂዎችን ወደ ሩዋንዳ እልካለሁ አለ። ኖቬምበር 15 ቀን 2023 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አምስቱም ዳኞች በአንድ ድምፅ ዕቅዱ ሕገ ወጥ ነው አሉ። ምክንያታቸው ስለ ሩዋንዳ መልካምነት ወይም ክፋት የተሰጠ አስተያየት አልነበረም። ሰዎቹ እዚያ ከደረሱ በኋላ ጉዳያቸው በአግባቡ ሳይታይ ወደሸሹበት አገር የመመለስ እውነተኛ አደጋ አለ ነው ያሉት። የመንግሥት ምላሽ ዳኞቹ ያነሡትን ችግር ማረም ብቻ ቢሆን ኖሮ ደንበኛ ነገር ነበር። በኤፕሪል 2024 የጸደቀው ሕግ ግን ውሳኔ የሚሰጥ ማንኛውም አካል ሩዋንዳን ደኅንነቷ የተረጋገጠ አገር አድርጎ እንዲቆጥር አዘዘ። ፍርድ ቤት በማስረጃ ያልተቀበለውን ነገር ምክር ቤት በድምፅ እውነት አደረገው። ከወራት በኋላ ሌበር ምርጫውን አሸንፎ ዕቅዱን ሲሰርዝ፣ አዲሱ መንግሥት 700 ሚሊዮን ፓውንድ ወጥቶበታል አለ። በዚህ ሁሉ ሩዋንዳ የሄዱት አራት ሰዎች ሲሆኑ፣ አራቱም በፈቃዳቸው ነው።

ጣሊያን በአልባኒያ ያሠራቻቸው ማዕከላትም የገጠማቸው ይኸው ነው። በኦክቶበር 2024 የመጀመሪያዎቹ 16 ሰዎች ተወሰዱ፤ በቀናት ውስጥ የሮም ፍርድ ቤት እዚያ ሊያዙ አይችሉም ብሎ እዚያ የነበሩትን አስመለሰ። ጠቡ «ደኅንነቱ የተረጋገጠ አገር» ተብሎ በመንግሥት ዝርዝር ውስጥ መግባት ብቻውን ይበቃል ወይ የሚል ነበር። በኦገስት 2025 የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት፣ ዝርዝሩን በሕግ ማውጣት ይቻላል፤ ግን ዳኛ ምንጩን አይቶ ሊመረምረው መቻል አለበት አለ። በመሐል ባለሀብቱ ኢሎን ማስክ ከባሕር ማዶ ሆነው እነዚህ ዳኞች መነሣት አለባቸው ብለው ጻፉ፤ ፕሬዚዳንት ሰርጂዮ ማታሬላም ጣሊያን ራሷን ማስተዳደር ታውቃለች የሚል መልስ ሰጡ።

አሜሪካ ውስጥ ሁለቱ ጭንቀቶች አንድ ሰው ላይ ተደራርበዋል። ዶናልድ ትራምፕ ሜይ 30 ቀን 2024 በኒውዮርክ የሒሳብ መዝገብ በሐሰት በመሙላት በቀረቡባቸው 34 ክሶች ጥፋተኛ ተባሉ። የምርጫ ቡድናቸው በ24 ሰዓት ውስጥ 52.8 ሚሊዮን ዶላር መዋጮ እንደሰበሰበ አስታወቀ። ይህን ቁጥር ልብ ይሏል። ክስ ድሮ የፖለቲካ መቃብር ነበር፤ እዚህ ግን የገቢ ምንጭ ሆነ። እንዴት ሊሆን ቻለ? ትራምፕ በየሰልፉ የሚደጋግሙት አንድ አባባል አላቸው፦ የሚመጡት እኔን ፍለጋ አይደለም፣ እናንተን ፍለጋ ነው፤ እኔ መንገድ ላይ ስለቆምኩባቸው ነው። አንድ ሰው በሒሳብ መዝገብ ላይ ምን ጻፈ የሚለው የችርቻሮ ክስ በዚህች አባባል ወደ ጅምላ ተለወጠ፤ ተከሳሹ አንድ ሰው መሆኑ ቀርቶ ሚሊዮኖች ሆኑ። ጃንዋሪ 10 ቀን 2025 ዳኛው ጥፋተኝነቱ እንዳለ ሆኖ ምንም ቅጣት ሳይጥሉ አሰናበቷቸው፤ በአሥረኛው ቀን ቃለ መሐላ ፈጸሙ።

ሁለት ወር ሳይሞላ መድረኩ ዞረ። መንግሥታቸው በ1798 የወጣ፣ ለጦርነት ጊዜ የታሰበ ሕግ ጠቅሶ ቬኔዝዌላውያንን የወሮበላ ቡድን አባላት ናችሁ እያለ ወደ ኤል ሳልቫዶር እስር ቤት በአውሮፕላን ላከ። ዳኛ ጄምስ ቦስበርግ ይቁም ሲሉ ትራምፕ ዳኛው ከሥልጣን ይወገዱ አሉ። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ጆን ሮበርትስ ከልማዳቸው ወጥተው፣ በውሳኔ አለመስማማት ዳኛን ለማባረር ምክንያት አይሆንም፣ ይግባኝ የሚባል ነገር አለ ሲሉ መግለጫ ሰጡ። በኤፕሪል ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ክርክሩ የሚካሄድበትን ፍርድ ቤት በተመለከተ ለመንግሥት ፈረደ፤ ነገር ግን ሰዎቹ ከመባረራቸው በፊት ማስታወቂያ ሊደርሳቸውና በዳኛ ፊት ሊከራከሩ ይገባል ብሎ ዘጠኙም ዳኞች ተስማሙበት። ከዚያ ቀደም በጁላይ 2024 ይኸው ፍርድ ቤት 6 ለ3 ለቀድሞ ፕሬዚዳንት ለሥልጣን ተግባራቸው ሰፊ ያለመከሰስ ጥበቃ ሰጥቷል። እንደ እኔ ግምት ይህ ውሳኔ ከሁሉም ያመዝናል፤ መጠየቅ የሚጀምርበትን ደጃፍ ራሱን አራቀውና።

ፈረንሳይ ውስጥ የቀኝ ክንፍ ፖለቲከኛዋ ማሪን ለፔን ማርች 31 ቀን 2025 የአውሮፓ ፓርላማን ገንዘብ ለፓርቲ ሠራተኞች ደመወዝ አውለዋል ተብለው ጥፋተኛ ሲባሉ፣ ለአምስት ዓመት ለምርጫ እንዳይቀርቡ ታገዱ፤ እገዳውም ይግባኝ ሳይጠብቅ እንዲጸና ተደረገ። የሕዝብን ምርጫ ዳኛ ነጠቀ ሲሉ ተቃወሙ። ከዓመታት በፊት ግን በሙስና የተፈረደበት ፖለቲከኛ ዕድሜ ልኩን ለምርጫ አይቅረብ ይሉ የነበሩት ራሳቸው ናቸው። ያኔ የሚናገሩት ስለ ፖለቲከኞች በጅምላ ነበር።

እዚህ ላይ የዳኞች ጠበቃ ሆኖ መቆም ይቀላል። ነገር ግን የብራዚል ታሪክ አያስቆምም። የቀድሞው ፕሬዚዳንት ሉላ ዳ ሲልቫ በ2018 ታሰሩ፤ በምርጫ ዘመቻው ከፊት ይመሩ ነበር። የፈረዱባቸው ዳኛ ሰርጂዮ ሞሮ ከምርጫው በኋላ የአሸናፊው የዣዪር ቦልሶናሮ የፍትሕ ሚኒስትር ሆኑ። ሉላ 580 ቀን ታስረው ወጡ፤ በ2021 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፍርዱን ሻረ፣ ሞሮም ገለልተኛ አልነበሩም አለ። በ2022 ሉላ ተመልሰው ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። «ችሎት የፖለቲካ መሣሪያ ሊሆን ይችላል» የሚል ሰው ምናቡን አይደለም የሚያወራው። በሴፕቴምበር 2025 ቦልሶናሮ መፈንቅለ መንግሥት በማሴር 27 ዓመት ከሦስት ወር ሲፈረድባቸው ደጋፊዎቻቸው የሉላን ነገር ማንሣታቸው አይገርምም።

ታዲያ እውነተኛውን ክስ ከተንኮሉ በምን እንለየው? የተከሳሹን ፓርቲ በማየት እንዳልሆነ ግልጽ ነው። እኔ የማየው ሌላ ነገር ነው። ክሱ አንድ የታወቀ ድርጊት ላይ ያርፋል ወይስ በጠቅላላ ስም ማጥፋት ላይ? ተከሳሹ በነጻ ሊወጣ ይችል ነበር ወይ? ይግባኝ የሚሰማው አካል ከመጀመሪያው ዳኛ የተለየ ነው ወይ? የፓሌርሞ ችሎት ሳልቪኒን ነጻ ማለቱ ከማንኛውም ንግግር የበለጠ ለችሎቱ ይመሰክራል። የዴንማርኩን ፍርድ ያጠነከረውም፣ ስቶይበርግ እንዲከሰሱ የራሳቸው የቀድሞ ፓርቲ ሰዎች ጭምር ድምፅ መስጠታቸውና፣ ጥያቄው «ስደተኛ ትጠያለሽ ወይ?» ሳይሆን «ሕገ ወጥ መሆኑን እየተነገረሽ አዘዝሽ ወይ?» የሚል ጠባብ መሆኑ ነው።

በጣም የሚያስተዛዝበው የችሎት ድክመት ግን መንቀርፈፉ ነው። ኦፕን አርምስ ከቆመችበት ቀን እስከ ፍርዱ አምስት ዓመት ከአራት ወር ፈጀ። የቤንያሚን ኔታንያሁ የሙስና ችሎት በሜይ 2020 ተጀመረ፤ ራሳቸው ለመመስከር የቀረቡት በዲሴምበር 2024 ነው። በትራምፕ ላይ የነበሩት የፌደራል ክሶች ለፍርድ ሳይበቁ ምርጫው ደርሶ ዘጋቸው። በሌላው ጫፍ በአሜሪካ የኢሚግሬሽን ችሎቶች ከሦስት ሚሊዮን በላይ መዝገብ ተከምሯል። እነዚህ ችሎቶች፣ ብዙ ሰው አያውቀውም እንጂ፣ የፍትሕ ሚኒስቴሩ አካል ናቸው፤ ዳኞቻቸውም የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው። ጥገኝነት ጠያቂው መልስ ሳያገኝ ዓመታት ይቆያል፤ በመሐል ልጅ ይወልዳል፣ ሥራ ይዞ ይከርማል። ባለሥልጣኑም እንደ ተከሳሽ ሳይሆን እንደ ተመራጭ ዓመታት ይቆያል። «ሥርዓቱ አይሠራም» የሚለው የሰው ምሬት ከሁለቱም መጠበቂያ ክፍል ይወጣል። ዳኛ መጨመር፣ አስተርጓሚ መቅጠር፣ መዝገብ ማፋጠን ድምፅ የማያስገኝ ሥራ ነው፤ አጥር ይታያል፣ የተዘጋ መዝገብ ግን አይታይም። በ2024 የጸደቀውና ከጁን 2026 ጀምሮ ሥራ ላይ እንዲውል የተወሰነው የአውሮፓ ኅብረት የስደት ስምምነት ድንበር ላይ የሚታዩ ማመልከቻዎች በ12 ሳምንት እንዲያልቁ ይላል። ጊዜ ማሳጠሩ ጥሩ ነው። በ12 ሳምንት ውስጥ አንድ ሰው ጠበቃ አግኝቶ በትክክል ይሰማል ወይ የሚለው ግን በሚመደበው ገንዘብ እንጂ በወረቀቱ አይወሰንም።

አሁን ጠቡ ከአገር ውስጥ ዳኞች አልፎ የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ወደሚገኝበት ስትራስቡርግ ደርሷል። በሜይ 2025 በጣሊያንና በዴንማርክ መሪነት ዘጠኝ የአውሮፓ መንግሥታት፣ ፍርድ ቤቱ የአውሮፓን የሰብአዊ መብት ስምምነት እየለጠጠ ስለሚተረጉመው ወንጀል የሠሩ የውጭ ዜጎችን ማባረር አልቻልንም ሲሉ ግልጽ ደብዳቤ ጻፉ። ከፈራሚዎቹ አንዷ የሆኑት፣ በጊዜው የዴንማርክ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ሜተ ፍሬድሪክሰን ሶሻል ዴሞክራት ናቸው፤ ጉዳዩ የቀኝ ክንፍ ብቻ ነው የሚለውን ያፈርሳል። ፍርድ ቤቱን ያቋቋመው የአውሮፓ ምክር ቤት ዋና ጸሐፊ አለን ቤርሴ ፍርድ ቤቱን የፖለቲካ መሣሪያ አታድርጉት ብለው መለሱ። ዘጠኙ መንግሥታት ከስምምነቱ እንወጣለን አላሉም። የብሪታንያ ወግ አጥባቂ ፓርቲ ግን በኦክቶበር 2025 ሥልጣን ስይዝ እወጣለሁ ብሏል።

ለዚያ ፓርቲ የሚጠብቀው ችግር ግን በራሱ አገር ዳኞች ተጽፎ ተቀምጧል። የሩዋንዳውን ዕቅድ የጣለው ውሳኔ፣ ሰውን ወደ አደጋ ያለመመለስ ግዴታ የሚመነጨው ከአውሮፓው የሰብአዊ መብት ስምምነት ብቻ እንዳልሆነ አንድ በአንድ ይዘረዝራል። የ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት፣ ማሰቃየትን የሚከለክለው ስምምነት፣ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳኑና የብሪታንያ የራሷ አዋጆች ተጠቅሰዋል። ከስትራስቡርግ ቢወጡ የሚቀነሰው የአውሮፓው ስምምነት ብቻ ነው። የቀሩትን ለመሻር ሌላ ድምፅ፣ ሌላ አዋጅ፣ ከዚያም ሌላ ክርክር ያስፈልጋል፤ ክርክሩን ይዞ የሚመጣውም እንደ ሶርያውያኑ ጥንድ አንድ አቤት ባይ ነው።